አዲስ ድስት ለኑርሃን

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ኢንስፔክተር አሰገደች በማንጎ ጥላ ሆቴል ክፍል ዐሥራ ሰባት ውስጥ ቆማ ነበር። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ማለዳ ብሎ ነገር አታውቅምና ውጪው ከወዲሁ ይፋጃል፤ ክፍሉ ግን የአየር ማቀዝቀዣው ሲሠራ ስላደረ ብርድ ብርድ ይላል። ሟቿ በሁለቱ ሰፋፊ አልጋዎች መሃል በጀርባዋ ተዘርራለች። ራሷን ከኋላ የመታት የእብነ በረድ ጠረጴዛ ጠርዝ ነው፤ ደሙ እዚያው ደርቋል። አንገቷ ላይ ያሰረችው ጥቁር ማተብ ወደ ጎን ዞሯል። ግራ ክንዷ ላይ የጣት ምልክት በልዟል። ሰው ጨምድዶ ይዞ ገፍትሯታል።

«ሐይማኖት ትባላለች» አለ ሳጅን ዮሴፍ የሆቴሉን መዝገብ እያነበበ። «ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ የጨርቅ ሱቅ አላት። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም። ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ገባች። ለሦስት ሌሊት፣ የሁለት ሰው ክፍል።»

«ሁለተኛዋ ማን ናት?»

«ኑርሃን የምትባል የልጅነት ጓደኛዋ። ስሟ ተጽፏል፣ ፊርማዋ የለም። ራሷም የለችም።» ዮሴፍ መዝገቡን አጠፈው። «ወርቁም የለም። ሠራተኞቹ ቅዳሜ ዕለት ሁለት አንድ ዓይነት አምባር እጇ ላይ አይተዋል።»

አሰገደች ወደ አልጋዎቹ ዞረች። ከሁለቱ አልጋዎች አንዱ ተተኝቶበታል። ሁለተኛው አልተነካም፤ ትራሱ ላይ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ አዲስ የሌሊት ልብስ ተቀምጧል። ሌላ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ እጀታው በአረንጓዴ ክር የታሰረ አዲስ ብረት ድስት፣ አንድ ሰሃን፣ ሁለት ብርጭቆ። ሰሃኑ ላይ ግራና ቀኝ የዶሮ አጥንት ተከማችቷል።

ሁለት ሰዎች ከአንድ ሰሃን በሉ፤ ከዚያ ተጣሉ። ሰሃኑ የሚለው ይህን ነው።

የሆቴሉ ተቆጣጣሪ ኤፍሬም በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ከአዲስ አበባ ከመጣ ስድስት ወሩ ነው፤ ሸሚዙ የነጣ፣ አነጋገሩ የተለካ ጎልማሳ።

«ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ላይ ውሃ ይዤ ገብቼ ነበር» አለ። «ጓደኛዋ መጥታለች። በአትክልቱ በኩል ባለችው ትንሽ በር ገብታ ነው መሰለኝ፣ በዋናው በር አላየናትም። ምን ልበልዎት ኢንስፔክተር፣ ከአንድ ሰሃን ሲጎራረሱ ደረስኩባቸው። እንደዚያ ያለ ጓደኝነት እኔ አይቼ አላውቅም። ማን ይጠረጥራል?»

አሰገደች ይህን ስትሰማ ቀናች። በሞተ ሰው መቅናት ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ ቢሆንም ቀናች። ከደብረ ብርሃን ተዛውራ እዚህ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ከተማው ያከብራታል፤ ባለሱቁም ባለባጃጁም ከወንበሩ ተነሥቶ «ደህና አደሩ ኢንስፔክተር» ይላታል። ቤቷ ገብቶ ውሃ የጠጣ ሰው ግን የለም። ትናንት ማታ፣ እነዚህ ሲጎራረሱ ነበር በተባለበት ሰዓት፣ እሷ ሽሮዋን ስልኳን እያየች ነበር የበላችው።

*

ወጥ ቤቱ ውስጥ ዘነበች የምትባል ወፍራም ሴት ሽንኩርት ትከትፋለች። ስታለቅስ ይሁን ሽንኩርቱ አስለቅሷት አይታወቅም።

«ድስቱን ከገበያ ገዝታ አመጣች» አለች። «ክሩንም ራሷ አሰረችበት። ዶሮዋን ከነነፍሷ አምጥታ፣ ከገበያ አንድ ሙስሊም ጠርታ አሳረደች። እኔ ሠራሁላት። ጨውን እንኳ አልቀመስኩትም።»

«መቼ ሠራሽው?»

«ቅዳሜ። ማታ ላይ አሙቂልኝ አለች፣ አሞቅሁ። እሁድ ለምሳ ደግሞ አሙቂልኝ አለች፣ አሞቅሁ። ራሷ እህል አልቀመሰችም። እንግዳዬ ሳትመጣ አልበላም አለችኝ። ጭማቂ ብቻ።»

«እሁድ ማታስ አሞቅሽላት?»

«እሁድ ማታ አላዘዘችኝም።»

አሰገደች በማስታወሻዋ ጻፈች። ዶሮው ለኑርሃን ተብሎ በሙስሊም እጅ ታረደ፤ ዶሮው ተበላ፤ ስለዚህ ኑርሃን መጥታለች። ነገሩን እዚያ ላይ ዘጋችው። መዝጋት አልነበረባትም፤ ነገር ግን ሃያ ስድስት ዓመት ወንጀል የመረመረ ሰውም አንዳንዴ የነገሩን አንድ ጫፍ ይዞ ሌላውን ይረሳል።

በሩ ላይ ብርሃኑ የሚባለው ዘበኛ ተጠየቀ። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዞረው ጀመር።

«ጥቁር ሂጃብ ያደረገች ሴት አይቻለሁ» አለ።

«መቼ?»

«ቅዳሜ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም።»

«ገባች?»

«እኔ እንጃ። በሩ ላይ ነበረች፤ ከዚያ አላየኋትም። እሁድ ተረኛ አልነበርኩም።» ይህን ሲል መሬት መሬቱን ያያል። አሰገደች መሬት ማየቱን ልብ አለች፤ ከፍርሃት ቆጠረችው።

ከበሩ ውጪ አንድ ባጃጅ ቆሟል። ባለቤቱ ሙዐዊያ ጢሙ ሽበት የጀማመረው ሰው ነው፤ ከማለዳው አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚያው ነው።

«ቀጥራኝ ነው» አለ። «ትናንት ሊመሽ ሲል እዚሁ በር ላይ ቆማ መንገድ መንገዱን ታያለች። ነገ ጠዋት ኑርሃን ቤት ታደርሰኛለህ አለችኝ። እሺ አልኳት። ሞታ ታድራለች ብዬ መቼ አሰብኩ።»

«ልትሸኛት ነዋ» አለ ዮሴፍ ቶሎ ብሎ። «አብረው አድረው፣ ጠዋት ወደ ቤቷ ልትመልሳት።»

አሰገደች ራሷን ነቀነቀች። ልክ ይመስላል።

እኩለ ቀን ላይ ከተማው ፍርዱን ጨርሶ ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሻይ ቤቱ ሁሉ ጓደኛዋ ለወርቅ ብላ ገደለቻት ይላል። አንዳንዱም የጓደኛዋን ስም ብቻ ሳይሆን ሃይማኖቷን ጨምሮ ይጠራል፤ የአሰገደች አለቃ የፈሩትም ይህንኑ ነው። ስልክ ደውለው «ሳይመሽ ሴትዮዋ እጃችን ላይ ትሁን» አሏት።

*

ኑርሃን የምትኖረው ቀወት ውስጥ፣ ከከተማው በመኪና ሃምሳ ደቂቃ በሚያስኬድ መንደር ነው። ማሽላው እሸት ሆኗል፤ ሰው ሁሉ እርሻው ላይ ስለሆነ መንደሩ ጭር ብሏል። ከአንድ የቁርቁራ ዛፍ ጥላ ሥር አንዲት ቀጭን ሴት ብቻዋን ተቀምጣ ማሽላ ትለቅማለች። የፖሊስ ልብስ ስታይ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ቤት ለእንግዳ። ምነው፣ ደህና ናችሁ?»

አሰገደች የሞት ወሬ አዙራ መናገር አትወድም። ነገረቻት።

ኑርሃን «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለችና ቁጭ አለች። ሰፌዱ ተደፍቶ ማሽላው ተበተነ፤ አላየችውም። ጮኻ አላለቀሰችም። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል።

«ትናንት ማታ የት ነበሩ፣ እትዬ ኑርሃን?»

«እዚሁ ቤቴ።»

«ማን አይቶዎታል?»

«ማን ያየኛል? ባሌ ከሞተ ሰባት ዓመቱ፣ ልጆቼም ሄደዋል። አላህ ብቻ ነው ያየኝ።»

«ስንደውልልዎ ስልክዎ ዝግ ነው፤ ለምን ተዘጋ?»

«ተበላሸብኝ። ለገበያ ስወርድ አሠራዋለሁ ብዬ ትቼዋለሁ።»

ዮሴፍ ከኋላ ካቴናውን ሲያወጣ ኮሽታው ተሰማ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ዮሴፍ ሞኝ ባይሆንም የያዘውን ግን አይለቅም።

«ቅዳሜ ሆቴሉ በር ላይ ታይተዋል» አለች አሰገደች።

ኑርሃን ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከሞቱ ወሬ ይልቅ ይህን መናገር የከበዳት ይመስል ነበር።

«ሄጄ ነበር፤ ወላሂ ሄጄ ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ ዐርባ ዓመት፣ አንድ ቀን እንደ ሀብታም ሰው ሆቴል ገብተን ሦስት ቀን ስናወራ እናድራለን ስትለኝ የኖረች ናት። ልብሴን አጥቤ ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ ያ የሚያብረቀርቅ ወለል ታየኝ፣ መኪናው ታየኝ። ዘበኛው ደግሞ ሥራ ፈልጌ የመጣሁ መሰለው። ለሠራተኛ በኋላ በር ነው አለኝ።» የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «ክፉ ሰው አይደለም። ጫማዬን አይቶ ነው። እኔም ጫማዬን አየሁት። ከዚያ እግሬ እንቢ አለኝ፤ ተመለስኩ።»

አሰገደች የብርሃኑን ኮፍያ፣ መሬት መሬቱን ማየቱን አስታወሰች። ያ ፍርሃት አልነበረም፤ ኅፍረት ነበር። ቢሆንም ይህ የቅዳሜ ነገር ነው፤ የእሁዱን ማታ አያጸዳላትም።

«ትናንት ማታ ከእሷ ጋር ያየዎት ሰው አለ» አለቻት። «የሠራችልዎትን ዶሮ ከአንድ ሰሃን ስትጎራረሱ አየሁ ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። አጥንቱንም እኔ ራሴ አይቻለሁ።»

ኑርሃን ቀና አለች። እንባዋ ቆመ።

«ዶሮውን ማን አረደው?»

«ሙስሊም። ለእርስዎ ብላ አሳርዳ፣ አዲስ ድስት ገዝታ ነው ያሠራችው።»

«አረንጓዴ ክር አስራበታለች?»

«አዎ።»

«እሺ፣ እኔስ በላሁት ይሁን።» ኑርሃን አሰገደችን ትክ ብላ አየቻት። «እሷ ምን ጎረሰች?»

ዮሴፍ ካቴናውን እንደያዘ ቀረ።

«ሐይማኖት የኛን ሥጋ አትነካም፤ እኔም የናንተን አልነካም» አለች ኑርሃን። «እሷ ቤት የኔ ድስት አለ፣ አረንጓዴ ክር የታሰረበት። እኔ ቤት የሷ ድስት አለ፣ ቀይ ክር የታሰረበት። እሷ ስትመጣ የክርስቲያን ጎረቤቴን ጠርቼ አሳርዳለሁ፤ እኔ ስሄድ እሷ እንደዚያው ታደርጋለች። ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እሷ ከሷ ሰሃን፣ እኔ ከኔ ሰሃን። በዐርባ ዓመት ከአንድ ሰሃን ሥጋ በልተን አናውቅም። የኛ ጓደኝነት ሁለት ድስት ነው ያለው። ሰውዬው ያየው ሌላ ሰው ነው፣ ወይም ማንንም አላየም።»

አሰገደች በራሷ አፈረች። ዶሮው ሲታረድ ለማን አፍ እንደተፈቀደ አስባ፣ ለማን አፍ እንደተከለከለ ሳታስብ ውላለች። ወጥ ቤቷ ጨው እንኳ አልቀመስኩም ስትላት ሰምታ፣ ሌላዋም ክርስቲያን እንደማትቀምሰው ልብ አላለችም። ማተቡንም በዓይኗ አይታ ነበር። ያንን አንድ ሰሃን ስታይ በቅናት የተያዘ ልቧ ዓይኗን ጋርዶባት ነበር።

የቀረው ከዚያ ወዲያ በየተራ መጣላት። እሁድ ማታ ወጡ አልሞቀም። ቅዳሜም እሁድም ሳትመጣ ያስሞቀች ሴት፣ ጓደኛዋ በመጣችበት ሰዓት ቀዝቃዛ ወጥ አታቀርብም። ሊመሽ ሲልም በር ላይ ቆማ መንገድ የምታይ ሰው እንግዳዋ አልመጣችም። ባጃጁን የቀጠረችው ልትሸኝ አልነበረም፤ ኑርሃን ካልመጣች ራሷ ልትሄድላት ነው።

«መልሰው» አለችው ዮሴፍን። ካቴናውን ነበር።

*

ሐኪሙ ጣቢያ ድረስ በስልክ የላከው ቃል አጭር ነው፤ የሟቿ ሆድ ውስጥ ከፍራፍሬ ጭማቂ በቀር የተገኘ ነገር የለም። አሰገደች አመስግና ኤፍሬምን አስጠራችው። ቀኑ ገና አልመሸም።

«ቃልህን በንጹሕ ወረቀት ልንገለብጠው ነው» አለችው። «ከዚያ ድስት ሲበሉ በዓይንህ አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«ተጎራርሰዋል?»

«አዎ። እትዬ ሐይማኖት ጓደኛቸውን አጎረሷት። እሷም መልሳ አጎረሰቻቸው።»

«ምን አጎረሰቻት?»

«ዶሮውን ነዋ። እግሩን ይመስለኛል።»

«ሐይማኖት ጎረሰች?»

«ጎረሱ። ይጣፍጣል ሲሉም ሰምቻለሁ።»

ጽፋ አስፈረመችው። ከዚያ በሩን ከፍታ ዘነበችን አስገባቻት።

«ያንን ዶሮ ለምን አልቀመስሽውም?»

«ምን ማለትዎ ነው፣ የእስላም ሥጋ አይደል? እኔ ክርስቲያን ነኝ።»

«ሐይማኖትስ?»

«እሷማ ከኔ ትብሳለች። ማማሰያው እንኳ እንዳይቀላቀልብሽ ብላ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቃኛለች።»

ኤፍሬም መጀመሪያ ዘነበችን አየ፣ ቀጥሎ የፈረመበትን ወረቀት። ወጥ ቤቱ ምን እንደሚሠራ ተቆጣጣሪ አይጠይቅም፤ እሱ ያየው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የቆየውን አንድ ድስት ዶሮ ብቻ ነው። ለሁለት ሰው የተሠራ መስሎት ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«በአትክልቱ በኩል ያለችው በር ቁልፏ ማን ጋ ነው?» አለችው አሰገደች።

«እኔ ጋ።»

«ከፍተህ አስገባሃት?»

ኤፍሬም እጁን የቁልፎቹ ኪስ ላይ አሳረፈ።

አምባሮቹን ዮሴፍ ከመዋኛ ገንዳው ማሽን ክፍል፣ ከክሎሪን በርሜል ሥር በላስቲክ ተጠቅልለው አገኛቸው። አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጣቸው ኤፍሬም ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«በር ላይ ቆማ ነበር» አለ ከመዳፉ ሥር። «ቅዳሜም አመሻሹ ላይ እዚያው ቆይታ ነበር። አምባሮቹን መሳቢያ ውስጥ ትታቸው እንደምትወጣ አውቅ ነበር። ወስጄ ልወጣ ስል ገባች። ልትጮኽ ነው ብዬ ገፋኋት። ልገድላት አልነበረም።»

«አልጮኸችም?»

«አልጮኸችም። በሩን ስትከፍት ‹መጣሽ?› ነው ያለችው። መብራቱን አይታ ጓደኛዋ የመጣች መስሏት ነበር።»

ዘነበች ወደ ግድግዳው ዞረች፤ አሁን ሽንኩርት አልነበረም።

«አጥንቱንስ?» አለች አሰገደች በመጨረሻ።

«እኔ ነኝ የበላሁት። ሁለት ሰው የበላ እንዲመስል።» ኤፍሬም ቀና ብሎ አያት፤ ፊቱ ላይ ከፍርሃቱ ሌላ ግራ መጋባት ነበር። «ጓደኛሞች ከአንድ ሰሃን አይደል የሚበሉት? ሁሉም ሰው እንደዚያ አይደል?»

አሰገደች እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር ልትለው ቃጣት። አላለችውም።

*

ሐሙስ ዕለት፣ ሐይማኖት በተቀበረች በማግስቱ፣ አሰገደች ብቻዋን ወደ ቀወት ወረደች። የሙዐዊያን ባጃጅ ተከራየች። ሙዐዊያ ሲያደርሳት «ይህን መንገድ ለሰኞ ነበር የተቀጠርኩት» አለ።

ድስቱ ጉልበቷ ላይ ነው። ፎቶው ተነሥቷል፣ በማስረጃነት የሚያስፈልግ ነገር የለውም፤ ዘነበች አጥባ እንደ አዲስ አድርጋዋለች። አረንጓዴው ክር እንዳለ ነው።

ኑርሃን ከቁርቁራው ሥር ነበረች። ቀብሩ ላይ ከሰው ኋላ ቆማ እንደነበር አሰገደች አይታለች። ዘበኛው ብርሃኑ በሰው መሃል ሰንጥቆ ሄዶ እግሯ ላይ ሲወድቅም አይታለች። ኑርሃን አንሥታው «አንተ ምን አጠፋህ፣ እኔ ነኝ የተመለስኩት» ነበር ያለችው።

ድስቱን ተቀበለች። በሁለት እጇ ይዛ ክሩን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ጠብቃኛለች?»

አሰገደች ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ውሸት ስታፈርስ ኖራለች። አሁን ግን አንድ ውሸት ምላሷ ጫፍ ላይ መጥታ ቆመች፤ አልጠበቀችዎትም፣ ቀኑን ሙሉ ስትዋኝና ስትስቅ ነበር የምትል ደግ ውሸት። ዋጠቻት። ይህችን ሴት ከካቴና ያዳናት እውነቱ ነበር።

«ጠብቃዎታለች» አለች። «ወጡን ሁለት ጊዜ አስሞቀችው። እህል አልቀመሰችም። እሁድ ሊመሽ ሲል በር ላይ ቆማ መንገድ ስታይ ነበር። ሰኞ ጠዋት ወደ እርስዎ ልትመጣ ባጃጅ ቀጥራለች። ከሁለቱ አምባሮች አንዱም የእርስዎ ነበር፤ ውስጡ ላይ ስምዎ ተቀርጿል።»

ኑርሃን ያን ጊዜ አለቀሰች። ሰኞ ጮኻ ያላለቀሰችውን፣ ቀብሩ ላይ ያፈነችውን ሁሉ፣ ድስቱን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ «አንድ እርምጃ ነበር የቀረኝ፤ አንድ እርምጃ» እያለች አለቀሰች። አሰገደች አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ድረስ እንደዚያ ቆዩ።

ልትሄድ ስትነሣ ኑርሃን እጇን ያዘቻት።

«ምሳ በልተዋል?»

«ከተማ ስደርስ እበላለሁ።»

«ከማን ጋር?»

አሰገደች ሃያ ስድስት ዓመት ጠያቂ ነበረች። ይህን ጥያቄ ግን ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ኑርሃን ወደ ቤት ገባች። ስትወጣ እጀታው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት አሮጌ ብረት ድስት ይዛለች። ክሩ ከማርጀቱ ብዛት ወደ ቡናማ ሄዷል።

«የሷ ነው» አለች። «የኛ ሥጋ ነክቶት አያውቅም። አንቱም ክርስቲያን ነዎት፤ ቅር አይበልዎት።»

ሽሮ ሠራችበት። ለራሷም በሌላ ድስት ሠራች። ሁለት ሰሃን አምጥታ አንዱን አሰገደች ፊት፣ አንዱን በራሷ ፊት አስቀመጠች፤ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አሰገደች ሰሃኑን እያየች እጇን ሳትዘረጋ ቆየች።

«ብዪ እንጂ እህቴ» አለቻት ኑርሃን። «ሳይቀዘቅዝ ብዪ።»

አሰገደች ቆርሳ ጎረሰች።